የተተወ ካባን ከሌላ ጉድጓድ እንዴት እንለያለን? ለሰሜን ሸዋ ገጠር የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ካባ ማለት ለግንባታና ለመንገድ ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ ነው። ድንጋይ ወጥቶበት የተተወ ቦታ ሃያ ክረምት ካለፈበት ካባ አይመስልም። ጠርዙ ይናዳል፣ ወለሉን ሣር ይወርሰዋል፣ ውሃ ይቋጥርና ከብት ይጠጣበታል፤ አለዚያም ባለመሬቱ ሞልቶት ገብስ ይዘራበታል። ጣጣው የሚመጣው ቦታው ምን እንደነበር ሲረሳ ነው። ዳሩ ላይ ቁርጭምጭሚት ብቻ የሚደርስ ኩሬ አንድ እርምጃ ሲገባበት በቁሙ አራት ሜትር ይወርዳል። በተሞላ ካባ ላይ የተሠራ ቤት ክረምቶች ሲፈራረቁበት ማዕዘኑ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቤት ለሚሠራ፣ መሬት ለሚለካ፣ ለቀበሌ የልማት ሠራተኛና ከብት ለሚያሰማራ ሁሉ ቦታውን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይያዝ፦ ጉድጓድ ስላለ ብቻ ካባ ነው አይባልም። ካባ የሚታወቀው በአራት ነገሮች ነው፤ በሰው እጅ የተቆረጠ ግድግዳ፣ የተጣለ ስብርባሪ፣ ጭነት የወጣበት መንገድ፣ ከቦታው የጎደለ ድንጋይ። ሦስቱ ከተገኙ በእርግጠኝነት ጻፉ። ሁለቱ ብቻ ካሉ «ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ መዝግቡ። አንዱ ብቻ ከሆነ ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ፍለጋውን ቀጥሉ።

በመጀመሪያ ድንጋዩን እወቁ

የጉድጓዱ ቅርጽ የሚወሰነው በወጣው ድንጋይ ዓይነት ነው። ደብረ ብርሃን፣ ባሶና ወራና፣ አንጎለላና መንዝ ያሉበት ደጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ጥቁር ድንጋይ የምንለው ባሳልት ተፈጥሮ በሠራችው ስንጥቅ እየተከፈለ ስለሚወጣ ግድግዳው ደረጃ ደረጃና ማዕዘናም ይሆናል። ለጥርብ የሚፈለገው ግራጫና ነጣ ያለ ድንጋይ ደግሞ ለመሮ ስለሚለሰልስ ቀጥ ያለ ግድግዳና እንደ መደብ የተስተካከለ ወለል ይተዋል።

ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ፣ በመርሐቤቴ፣ በእንሳሮና በሞረት ጅሩ ጠርዝ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር የአሸዋ ድንጋይ፣ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ይገኛሉ። የኖራ ድንጋይ ጉድጓድ አጠገብ የማቃጠያ ምድጃ ቅሪት ፈልጉ፤ በእሳት ቀይ የሆነ አፈርና ነጭ ቅርፊት የያዘ ድንጋይ ምልክቱ ነው። ጂፕሰም በውሃ ስለሚሟሟ ግድግዳው ቶሎ ይድቦለቦላል፤ የመሣሪያ ምልክት ይቀርበታል ተብሎ አይታመንም።

ለመንገድ የሚወጣው ገረጋንቲ ሌላ ጠባይ አለው። ጉድጓዱ ሰፊና ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ጠንካራ ግድግዳ የለውም፤ ከመንገድ ዳር አይርቅም። ውሃ መሄጃ ካገኘ በጥቂት ክረምት ቦረቦር ሆኖ ከተፈጥሮ ቦረቦር ጋር ስለሚመሳሰል ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው እሱ ነው። ከወንዝ የሚወጣ አሸዋን ግን ተዉት፤ ጎርፉ በየዓመቱ ስለሚሞላው አሻራ አያስቀርም።

ከቤት ሳትወጡ፦ ካርታና የሳተላይት ምስል

1:50,000 በሆነው የመሬት አቀማመጥ ካርታ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው፤ የከፍታ መስመሮቹም ብዙውን ጊዜ በ20 ሜትር ልዩነት የተሰመሩ ናቸው። ስለዚህ ስድስት ሜትር ጥልቀት ያለው ካባ በመስመሮቹ መካከል ይጠፋል። ካርታው የሚጠቅመው ለመንገድ፣ ለገደል ጠርዝና ለቦታ ስም ነው። «ነጭ ድንጋይ»፣ «ኖራ» የመሳሰለ ስም ሲገኝ ምልክት አድርጉ። በኦሮምኛ ስም በተጠሩ ቦታዎች «ዳጋ» ድንጋይ ማለት መሆኑን አትርሱ። ስም ግን ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

አንድ የተለመደ ስህተት አለ። የድሮዎቹ ካርታዎች አዲንዳን በሚባል የቦታ ልኬት መነሻ (ዳተም) የተሠሩ ናቸው፤ የስልክ ጂፒኤስ መነሻ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ቁጥሩን ሳትቀይሩ ከካርታው ወደ ስልክ ካስገባችሁ ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ይዛነፋል። በቆላው ገደል አካባቢ ይህ ማለት ከገደሉ በላይና ከገደሉ በታች ማለት ነው። ምድርን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር በሚገልጸው የዩቲኤም አሠራር አካባቢያችን በዞን 37 ሰሜን ውስጥ ይገኛል።

በጉግል ኧርዝ ላይ የሰዓቱን ምልክት ነክታችሁ የቆዩ ምስሎችን በተራ ክፈቱ። ከኅዳር እስከ ጥር የተነሳ ምስል ምረጡ፤ ሰብል እየተነሣ፣ ሣሩም እየደረቀ ስለሚሄድ የተራቆተ ድንጋይ ይጎላል። ቀጥሎ በመስከረምና በጥቅምት የተነሳ ካለ አነጻጽሩ፤ ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ በዚያ ይታያል። ምስሉ ላይ የተጻፈው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን በማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ። «2010» የሚል ምስል በእኛ 2002 ወይም 2003 ነው፤ ይህን ከሽማግሌ ቃል ጋር ሳያስተካክሉ በማገናኘት ብቻ የሰባት ስምንት ዓመት ስህተት ይፈጠራል።

ጉድጓድና ጉብታ በምስል ላይ ዓይንን ያታልላሉ። መፍትሔው የዛፍ ጥላ ነው። በአቅራቢያው ያለ አንድ ባሕር ዛፍ ጥላው ወዴት እንደወደቀ እዩ። ጥላው ወደ ሰሜን ምዕራብ ከሆነ ፀሐይዋ በደቡብ ምሥራቅ ነበረች ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ጉድጓድ ከሆነ ደቡብ ምሥራቅ ግድግዳው ይጠቁራል፣ ትይዩው ይነጣል። ጉብታ ከሆነ የሚጠቁረው ሰሜን ምዕራቡ ነው። ይህን ሳታረጋግጡ ቦታው ድረስ አትድከሙ።

ሰው መጠየቅ

«ካባ» የመንገድና የግንባታ ሰዎች ቃል ነው። በገጠር ለሽማግሌ «እዚህ ካባ ነበር?» ብትሉ የሚለበሰው ካባ ወይም የድንጋይ ካብ ሊታሰባቸው ይችላል። «ድንጋይ የሚፈነቀልበት»፣ «ድንጋይ ያወጡበት» በሉ። ከዚህም የተሻለው ከቤቱ መነሣት ነው፦ «አባባ፣ ይህ ቤት የተሠራበት ድንጋይ ከየት መጣ?» «የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርስ?» የመንዝና የደብረ ብርሃን አካባቢ ቤት በድንጋይ የተሠራ ስለሆነ ለዚህ ጥያቄ መልስ የማይኖረው ሰው ጥቂት ነው። መኪና ከመምጣቱ በፊት ድንጋይ በሰው ትከሻና በአህያ ይጓጓዝ ስለነበር ምንጩ ሩቅ አይሆንም፤ ከቻሉም ጭነት ቁልቁል እንዲወርድ ከቤቱ በላይ ካለ ቦታ ያወጡት ነበር። ስለዚህ ከቤቱ ተነሥታችሁ ሽቅብ ፈልጉ።

ሴቶችን መጠየቅ አይረሳ። የወፍጮና የመጅ ድንጋይ የሚወጣበትን ቦታ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ ትንሽ ነው፤ ጉድጓዱ ወገብ ላይደርስ ይችላል። ምልክቱ በስብርባሪው መሃል የሚገኝ ያላለቀ ወፍጮ ነው፦ አንድ ፊቱ ተስተካክሎ ሌላው ሸካራ የቀረ፣ ወይም ሲጠረብ ለሁለት ተሰንጥቆ የተጣለ። ይህን ካያችሁ ሌላ ማስረጃ ብዙም አያስፈልግም።

ለገበሬው ደግሞ «ማረሻ የሚሰብር ቦታ የቱ ጋ ነው?» በሉት። የተሞላ ካባን በመሣሪያ ከመፈለግ ይህ ጥያቄ ይቀላል።

ከመግባታችሁ በፊት ጥንቃቄ

ብቻችሁን አትሂዱ። ከጠርዙ ሦስት ሜትር ራቅ ብላችሁ ዙሩ፤ ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ መሬት ላይ ካለ ያ ክፍል ሊናድ የተዘጋጀ ነውና ከስንጥቁ ወዲያ አትለፉ። ከታች ስትሆኑ ከግድግዳው ከፍታ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ራቁ፤ ግድግዳው ስድስት ሜትር ከሆነ ዘጠኝ ሜትር ማለት ነው። ጠጋ ብሎ ማየት ግድ ሲሆን በደረቅ ወቅት፣ ዝቅ ባለው ጎን በኩል፣ ከላይ የተንጠለጠለ ድንጋይ አለመኖሩን ካያችሁ በኋላ ይሁን። ውሃው ውስጥ በምንም ምክንያት አትግቡ፤ ጥልቀቱን በጫፉ ድንጋይ በታሰረበት ገመድ ለኩ። ባለቀለም ቀጭን ሽቦ የወጣበት፣ የጣት ርዝመት ያለው የብረት ቀሰም መሰል ነገር ካገኛችሁ የደማሚት ማቀጣጠያ ሊሆን ይችላል። አትንኩት፤ ምልክት አድርጋችሁ ለፖሊስ አሳውቁ። ሌላም የማታውቁት ብረት እንዲሁ።

የምትይዙት ጥቂት ነው፦ 30 ሜትር ሜትሮ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት የተደረገበት ሁለት ሜትር ዱላ፣ ገመድ፣ ስልክ፣ ደብተር። ለመውጣት ጥሩው ሰዓት ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል አንድ ክንድ የማይሞላ ጎድጓዳ እንኳ ጥላ ይጥላል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ሜዳ መስሎ ይታያል።

ግድግዳውን ማንበብ

ወደ ግድግዳው ስትቀርቡ የመሣሪያ አሻራ ፈልጉ። በደማሚት የተሠራ ከሆነ የቀዳዳው ግማሽ ግድግዳው ላይ ይቀራል፤ ለሁለት እንደተሰነጠቀ ሸንበቆ ውስጠኛ ጎን ያለ፣ ቁልቁል የወረደ ቦይ ነው። ከሦስት እስከ አራት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው በእጅ ወይም በጃክ ሐመር (ሰው ይዞት በሚሠራ የድንጋይ መብሻ ማሽን) የተበሳ ነው። ሰባት ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ በትልቅ ማሽን የተሠራ፣ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። በሽብልቅ የተከፈለ ድንጋይ ጠርዙ ላይ በተርታ የተቆፈሩ ጥርስ መሰል ጉድጓዶች ይኖሩታል። በመሮ የተጠረበው አግድም ወይም ሰያፍ ጭረት ይዟል፤ ጭረቱ ያለበት ቦታ በሥራ መሃል የቆመ ሰው እጅ የደረሰበትን ከፍታ ያሳያል፤ ብዙ ጊዜ ከጉልበት እስከ ደረት። በእሳት አሙቀው የሰነጠቁት ደግሞ ቀላ ወይም ጠቆር ያለ፣ እንደ ሳህን ገባ ያለ ፊት ይተዋል።

አሻራ ካጣችሁ ቀለሙን እዩ። ለረጅም ዘመን ዝናብና ፀሐይ የመታው ጥቁር ድንጋይ ላዩ ቡናማ ይሆናል፤ ውስጡ ግን ሰማያዊ ጥቁር ነው። የገደሉ ላይኛው ክፍል ቡናማ ሆኖ ከመካከሉ ጀምሮ ጠቆር ያለ ፊት ካለ፣ ያ ክፍል ከሌላው ዘግይቶ የተገለጠ ነው። ግን ናዳም ይህንኑ ያደርጋል፤ ስለዚህ ግድግዳው ብቻውን አይፈርድም።

ስብርባሪውና መንገዱ

በተፈጥሮ የወደቀ ድንጋይ ትልቁም ትንሹም ተደባልቆ ከገደሉ ሥር ይከመራል፤ ትልልቁ ራቅ ብሎ ይንከባለላል። የካባ ስብርባሪ ግን ተመርጦ የተጣለ ነው። ደህናው ተወስዷል፤ የቀረው ለግንብ የማይሆን፣ የበሰበሰ ወይም ያነሰ ነው። ክምሩም ከግድግዳው ሥር ሳይሆን ለሥራ እንዳያስቸግር ፊት ለፊት ወይም ወደ ጎን ተገፍቷል። ከክምሩ ሥር ወይም አጠገብ መጀመሪያ የተገፈፈው አፈር ለብቻው ይገኛል፤ እሬት፣ እምቧጮና ክትክታ ቶሎ የሚበቅሉት እዚያ ነው።

ኮብልስቶን የተሠራበት ቦታ በቀላሉ ይታወቃል፤ ስለታም ፍንካች እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ በመሃሉ ጎኑ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ አንድ ማዕዘኑ የተሸረፈ ድንጋይ ይገኛል። ኮብልስቶን በከተሞቻችን የተስፋፋው ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ስለሆነ ዕድሜውንም በዚያው አወቃችሁ።

መንገዱን ፈልጉ። ድንጋይ ከባድ ነውና የወጣበት መንገድ ሳይጎዳ አይቀርም፤ ሣር ቢሸፍነውም ወለሉ የጠጠረ፣ ዳሩ በድንጋይ የተደገፈ፣ ከጉድጓዱ ዝቅተኛ ጎን የሚነሣ ተዳፋት ነው። በአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ዳር፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በርና ደብረ ሲና፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) መንገዱና የጣርማ በር የመኪና ዋሻ ሲሠሩ ብዙ ድንጋይ ወጥቷል። በ1943 ዓ.ም. አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላም ለጥገናና ለማስፋፊያ ቁፋሮው ቀጥሏል። በዚህ መስመር ላይ አንዱን ከሌላው ሳይለዩ «የጣሊያን ካባ» ብሎ መመዝገብ ትልቅ ስህተት ነው። የቀዳዳውን ስፋት ለኩ፣ ሰው ጠይቁ፣ ካልተገኘ ዘመኑን ባዶ ተዉት።

የጎደለውን አስሉ

ይህ ከሁሉ የሚበልጥ መለያ ነው፤ ብዙዎች ግን ያልፉታል። ኩሬ የቆፈረ ሰው አፈሩን ዳር ላይ ይቆልላል፤ ካባ የቆፈረ ግን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ጉድጓዱንና ዳር ያለውን ክምር ለክታችሁ አወዳድሩ።

ለምሳሌ ጉድጓዱ 30 ሜትር ርዝመት፣ 18 ሜትር ስፋት፣ 4 ሜትር ጥልቀት አለው እንበል። ጎኖቹ ተዳፋት ስለሆኑ ግማሹን ውሰዱ፦ 30 × 18 × 4 × 0.5 = 1,080 ሜትር ኩብ። ዳር ያለው ክምር 40 ሜትር ርዝመት፣ ሥሩ 4 ሜትር ስፋት፣ ከፍታው 1.5 ሜትር ከሆነ፦ 40 × 4 × 1.5 ÷ 2 = 120 ሜትር ኩብ። የተፈነቀለ ድንጋይ ይንሰራፋል፤ በመካከሉ ክፍተት ስለሚፈጠር ወደ 40 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ 120ውን ለ1.4 አካፍሉ፤ 86 ያህል ይሆናል። 1,080 ሲቀነስ 86፣ 994 ሜትር ኩብ ከቦታው ሄዷል። ይህ በተፈነቀለ መጠኑ 1,390 ያህል፣ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 87 ምልልስ ነው። እንግዲህ የመኪና መንገድ መኖር ነበረበት፤ ካልተገኘ ወይ መንገዱን ስታችሁታል፣ ወይ ሥራው ከመኪና በፊት ለረጅም ዓመታት በእጅ ሲሠራ የቆየ ነው። ክምሩ ከጉድጓዱ ጋር እኩል ወይም በልጦ ከተገኘ ግን ካባ መሆኑን ተጠራጠሩ።

የሚያሳስቱ ነገሮች

የውሃ ማቆሪያ ኩሬ አራት ማዕዘን ነው፤ ጎኖቹ እኩል ተዳፋት ናቸው፣ አፈሩ ዙሪያውን አለ፣ ብዙ ጊዜም የተቀደደ ፕላስቲክ ጭቃው ውስጥ ይታያል። ሸክላ ሠሪዎች አፈር የሚያወጡበት ጉድጓድ ድንጋይ የለውም፤ ጠርዙን ሥር ሥሩን ቦርቡረው ስለሚገቡ ጣሪያው ይደረመሳልና ተጠንቀቁ።

ናዳ ከባዱ ነው። በደብረ ሲና ዙሪያ ያለው ተረተር የሚንሸራተት መሬት መሆኑ የታወቀ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. መግቢያ በይዛባ የደረሰው መንሸራተት ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል። የናዳ ጠባሳ ከላይ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ ነው፤ ከሥሩ የወረደው መሬት እንዳለ ተቆልሎ ይገኛል፣ ዛፎቹም ተጋድመዋል። መንገድ የለውም፣ የተመረጠ ስብርባሪ የለውም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው ስህተት ጥንታዊ ቦታን ካባ ብሎ መመዝገብ ነው። በመንዝና በአካባቢው ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠሩ፣ አርኪዮሎጂስቶች የሻይ ባህል የሚሏቸው የጉብታ መቃብሮች አሉ። አንዳንዱ መሃሉ ስለተቆፈረ ትንሽ ካባ ይመስላል፤ ነገር ግን ድንጋዩ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተከመረ እንጂ ከሥሩ የወጣ አይደለም፤ ከክምሩ በታች የተቆረጠ አለት የለም። በኢፋት ተዳፋትም እንደ ኖራና አስባሪ ያሉ የጥንት ሙስሊም ከተሞች ፍርስራሽ አለ። የተደረደረ ግድግዳ፣ የሸክላ ስባሪ ወይም አጥንት ካያችሁ ድንጋይ ሳታነሡ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አመልክቱ።

የተሞላ ካባ

ከላይ ምንም አይታይም፤ ሰብሉ ግን ይናገራል። ነሐሴና መስከረም ላይ ከፍ ካለ ቦታ ሆናችሁ ገብሱን ተመልከቱ። ጥልቅ አፈር የተሞላበት ለምልሞ ይዘገያል፤ ጠንካራው ወለል ቅርብ የሆነበት አጥሮ ቀድሞ ይነጣል። ልዩነቱ ቀጥ ባለ መስመር ወይም በሹል ማዕዘን ከተቆረጠ የሰው ሥራ ነው፤ ተፈጥሮ እንዲህ አትቆርጥም። መረሬ አፈር ላይ ተጨማሪ ምልክት አለ፦ በበጋ ዙሪያው ሁሉ ሲሰነጠቅ፣ ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር የተሞላው ላይሰነጠቅ ይችላል።

ቤት ሊሠራበት ከታሰበ በአራቱ ማዕዘንና በመሃሉ ሁለት ሁለት ሜትር አስቆፍሩ። አንዱ ላይ አለት፣ ሌላው ላይ ልቅ አፈር፣ ላስቲክ ወይም አመድ ከወጣ መሠረቱ ባልተመጣጠነ ሁኔታ ይሰምጣልና ቦታውን ቀይሩ።

ዕድሜ መገመት

የድንጋይ ሽበት፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ክብ እየሆነ የሚበቅለው ቅርፊት መሰል ነገር፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ፍጥነቱም በከፍታና በፀሐይ አቅጣጫ ይለያያል። ከመጽሐፍ ላይ ቁጥር አትዋሱ። በአቅራቢያው ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ ዓመቱ የተጻፈበት፣ ከዚያው ድንጋይ የተሠራ፣ ወደዚያው አቅጣጫ የዞረ የመቃብር ድንጋይ ፈልጉ። በላዩ ያለውን ትልቁን ክብ ሽበት በሜትሮ ለኩና ካባው ግድግዳ ላይ ካለው ትልቁ ጋር አወዳድሩ። ያነሰ ከሆነ ካባው ከመቃብሩ ዓመት በኋላ ተትቷል ማለት ይቻላል። ወለሉ ላይ የበቀለ ባሕር ዛፍ ካለ ተካዩን ጠይቁ፤ ሥራው ከዚያ በፊት ቆሟል።

አመዘጋገብ

ለእያንዳንዱ ቦታ ይህን ጻፉ፦ ቀበሌና ጎጥ፣ የጂፒኤስ ቁጥር ከነመነሻው፣ ርዝመት፣ ስፋት፣ ጥልቀት፣ የድንጋዩ ዓይነት፣ ከአራቱ ምልክቶች የትኞቹ እንደተገኙ፣ ውሃ መያዙና በስንተኛው ወር እንደታየ፣ በ100 ሜትር ውስጥ ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም የከብት መንገድ መኖሩን። ፎቶ ስታነሡ ባለምልክቱን ዱላ ግድግዳው ሥር አቁሙ። ውሃ የያዘና ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለው ከሆነ ሌላውን ሥራ አቁማችሁ ለቀበሌው በዚያው ቀን ንገሩ፤ እሾህ ወይም ካብ እስኪታጠርበት ድረስ እረኞቹ ይወቁት። ቦታውን መልሶ ለመክፈት የሚፈልግ ካለ ያለ ፈቃድ ድንጋይ ማውጣት ስለማይቻል ቀድሞ ወደ ወረዳው የማዕድን ጽሕፈት ቤት ይሂድ፤ የለካችሁትን ወረቀት ይዞ ቢሄድ ይጠቅመዋል።